እንግሊዝኛን ውጭ አገር ለማስተማር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ መምህር የትኛው ይሻላል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የእንግሊዝኛ መምህራን ሲገናኙ ወሬው ብዙ ጊዜ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ውጭ አገር ሄዶ ማስተማር ይቻላል ወይ? በዲግሪ ተመርቆ፣ ዓመታት አስተምሮ፣ የቤት ኪራይ ከከፈለ በኋላ ወሩን መጨረስ ያቃተው ሰው አማራጭ መፈለጉ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳዝነኝ ፍለጋው ከተሳሳተ ቦታ መጀመሩ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት አገር የበለጠ ይከፈላል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን መልስ የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ አለ፦ የትኛው አገር ሕግ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን የእንግሊዝኛ መምህር ይቀበላል?

እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ መምህር የሚገጥመው እንቅፋት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በሕግ የተጻፈ የዜግነት ገደብ ሲሆን በጥረት የሚታለፍ አይደለም። ሁለተኛው የሰነድ ጥያቄ ነው፤ ፈተና፣ ሰርተፍኬት፣ የተረጋገጠ ዲግሪ። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል እንጂ ይሟላል። ሦስተኛው የቀጣሪው ዝንባሌ ነው፤ ሕጉ ሳይከለክል ትምህርት ቤቱ «የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ብቻ» ብሎ ያስታውቃል። ይህኛው በጥሩ የናሙና ትምህርት ሲቀየር ይታያል። አገሮችን ሳወዳድር የምለካቸው በእነዚህ ሦስቱ ነው፤ ደመወዝ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጊዜ ባይጠፋባቸው የሚሻሉት

ደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያዋ ናት። የቋንቋ መምህራን የሚገቡበት ኢ-2 የሚባለው ቪዛ ለእንግሊዝኛ የሚሰጠው በዋናነት ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድ፣ ለአየርላንድና ለደቡብ አፍሪካ። የእናንተ እንግሊዝኛ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን ዝርዝሩ አይለወጥም። «ኮሪያ በመምህርነት እናስገባለን» የሚል ደላላ ሲገጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ጃፓን ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በትምህርት ቤቶች ቋንቋ ለማስተማር የሚሰጠው ቪዛ አስተማሪው ቢያንስ 12 ዓመት በዚያው ቋንቋ የተማረ መሆኑን ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቢቆጠር፣ ዩኒቨርሲቲው ተጨምሮበት እንኳ 8 ዓመት አካባቢ ነው። ከታች ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግን ዓመቱን ቆጥሮ፣ ማስረጃውን ይዞ ቢሞክር አያጣም።

ቻይና ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ስለ እርሷ ነውና። ደንቡ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ከሆነባቸው አገሮች የመጡ፣ ዲግሪና በአብዛኛው የሁለት ዓመት ልምድ ያላቸው እንዲሆኑ ይጠይቃል። ከእነዚያ አገሮች በአንዱ ዲግሪ ያገኘ ሰው የተለየ ዕድል አለው። ከዚህ ውጪ ቴሌግራም ላይ «አፍሪካውያንም ይቻላል» እያሉ የሚወጡት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ በንግድ ወይም በተማሪ ቪዛ ገብቶ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ማስተማርን የሚያመላክቱ ናቸው። ሕጋዊው የሥራ መግቢያ ዜድ ቪዛ ነው። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ከባድ ሆኖ ከተገኘ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ከአገር መባረርም አለ። በዚያ ላይ እንደ ፈረንጆች በ2021 ሐምሌ የቻይና መንግሥት በግል የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ባወጣው ጥብቅ መመሪያ ምክንያት ብዙ የቋንቋ ማዕከላት ተዘግተዋል። ስለዚህ ቻይናን ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር አልመክርም።

ለሒሳብ፣ ለፊዚክስ ወይም ለባዮሎጂ መምህር ግን ሌላ ነገር ነው። የአፍ መፍቻ ገደቡ የሚመለከተው ቋንቋ የሚያስተምረውን ሲሆን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው የሚመዘነው በትምህርት ዘርፉና በልምዱ ነው። ይህ ለቻይና ብቻ ሳይሆን ለታይላንድም ለዓረብ አገሮችም ይሠራል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቆ ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሲያስተምር የቆየ ሰው፣ በእንግሊዝኛ ከተመረቀው ባልደረባው የተሻለ ዕድል ሊኖረው ይችላል። የሳይንስ መምህራን ይህን ሳያውቁ «እኛን አይመለከትም» ብለው ሲያልፉት አያለሁ።

ታይላንድ፦ ሰነድ ያሟላ የሚገባባት

ከእስያ ለእኛ የምትሻለው ታይላንድ ናት እላለሁ። ሕጉ ዜግነት አይመርጥም፤ የሚጠይቀው ዲግሪ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃና የቋንቋ ችሎታ ማረጋገጫ ነው። አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ላልሆነ አመልካች የተለመደው መስፈርት በቶይክ ፈተና 600 ወይም በአይልትስ 5 ነጥብ ነው። የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ለሆነ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። ሥራው ሲገኝ መንገዱ የሚከተለው ነው፦ ትምህርት ቤቱ ሰነድ ያዘጋጃል፣ በዚያ ሰነድ ኖን-ኢሚግራንት ቢ የሚባለው ቪዛ ይወጣል፣ ከዚያ የሥራ ፈቃድ ይከተላል፤ የታይላንድ መምህራን ምክር ቤት ደግሞ የመምህርነት ፈቃድ ለሌለው ሰው ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ባንኮክ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ ስለሚበር መጓጓዣውም አያስቸግርም።

ድክመቷ ክፍያው ላይ ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ ለአሜሪካዊው ከ30 ሺህ ባት በላይ ተጽፎ ለፊሊፒናዊውና ለአፍሪካዊው በብዙ ዝቅ ብሎ ማየት የተለመደ ነው። አድልዎ ነው፤ ስሙን መቀየር አያስፈልግም። ቴሶል የተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር እንደ ፈረንጆች በ2006 ባወጣው መግለጫ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ አድልዎን ተቃውሟል፤ የትምህርት ቤት ባለቤቶችን ኪስ ግን መግለጫ አልቀየረውም። በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠር ሰው ሌላም ነገር ይመልከት፦ ውሉ የ12 ወር ነው ወይስ የ10? ብዙ ኤጀንሲዎች የዕረፍት ወራትን አይከፍሉም፤ የቤት ኪራይ ግን ዕረፍት የለውም።

ከታይላንድ ጋር ተያይዞ ሳልናገር የማላልፈው አደጋ አለ። «ታይላንድ ውስጥ ሥራ፣ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር መቻል ብቻ ይበቃል» እየተባሉ የሄዱ ወገኖቻችን ከባንኮክ በመኪና ወደ ድንበር ተወስደው ማያንማር ውስጥ በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ታግተዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከእነዚያ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የተታለሉት ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያውቁና የተማሩ ወጣቶች ስለነበሩ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም ካርታ ላይ ፈልጉ፤ በቪዲዮ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከርእሰ መምህሩና እዚያው ከሚያስተምር የውጭ አገር መምህር ጋር ተነጋገሩ። ማኤ ሶት የሚባለው የድንበር ከተማ ስም ከተነሳ ወይም «ቱሪስት ሆነህ ግባ፣ ቪዛው እዚያ ይስተካከላል» ከተባለ ነገሩ እዚያው ላይ ይቁም።

ቬትናም ከታይላንድ ቀጥላ ልትታይ ትችላለች። ዲግሪ፣ የማስተማር ሰርተፍኬትና የተረጋገጠ ሰነድ ትፈልጋለች፤ የቋንቋ ማዕከሎቿ ግን ነጭ መምህር የማስቀደም ልማዳቸው ጠንካራ ነው፤ የሥራ ፈቃድ ደንቧም ቶሎ ቶሎ ይሻሻላል።

ዓረብ አገሮች

ወሎ ውስጥ ሳዑዲ ወይም ኤምሬትስ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ይህ ለመምህሩ ትልቅ ሀብት ነው፤ የኪራዩን ዋጋ፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የአሠሪውን ጠባይ በአካል ሄዶ የሚያጣራለት ሰው አለው። ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አለመኖሩ፣ በብዙ ውሎች ውስጥ ቤትና የአውሮፕላን ትኬት መካተቱ፣ ለሙስሊሙ መምህር ደግሞ የሐጅና የዑምራ ቅርበት ሚዛኑን ያከብዱታል።

ነገር ግን እዚህም ሁለት ዓይነት ገበያ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ፣ ያውም በተግባራዊ ስነ ልሳን ወይም በእንግሊዝኛ ማስተማር ዘዴ ይጠይቃሉ፤ ክፍያቸውም ያጓጓል። የግል ትምህርት ቤቶቹ፣ በተለይ የሕንድና የፓኪስታን ማኅበረሰብ ልጆች የሚማሩባቸው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን የሌላ አገር መምህር ይቀጥራሉ፤ ክፍያቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር እያሰበ ያለ ሰው ካለ፣ የእንግሊዝኛ ማስተማር ዘዴን መርጦ ቢማር ይህ ገበያ ይከፈትለታል።

ክፍያው የቱንም ያህል ቢሆን ቪዛው ላይ የሚጻፈው ሙያ ይበልጣል። «ለጊዜው በቤት ሠራተኛ ወይም በጉልበት ሠራተኛ ቪዛ ግቡ፣ ከዚያ ወደ መምህርነት እናዛውራለን» የሚል ሐሳብ ሲመጣ በፍጹም አትቀበሉ። የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የሚያዛውራችሁ እርሱ ካልፈለገ አቤት የምትሉበት ቦታ ጠባብ ነው። በኤጀንሲ በኩል የሚሄድ ሰው ደግሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን አንብቦ ይሂድ፦ የመዳረሻ አገር የቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ኤጀንሲው ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የመሳሰሉትን ነው። በባቲ አድርጎ በጅቡቲና በየመን የሚያልፈውን መንገድ እንደ አማራጭ አልቆጥረውም፤ ዲግሪ የያዘ ሰው ሕይወቱን ለጀልባ የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

ጎረቤቶቻችን

ሩዋንዳ በ2008 እንደ ፈረንጆች የማስተማሪያ ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ አዙራለች። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ማስተማር የሚችል ሰው ፍላጎት አልቆመም፤ በ2022 ከዚምባብዌ መምህራንን በመንግሥታት ስምምነት አምጥታለች። ለኢትዮጵያዊ መግቢያዋ ቀላል ነው፤ ለመሥራት ግን የሥራ ፈቃድ ግዴታ ነው። ክፍያው የዓረብ አገር አይደለም። ኪጋሊ ግን ሰላማዊና ሥርዓት ያላት ከተማ ናት፤ አፍሪካዊ መምህር እዚያ እንግዳ ሆኖ አይታይም፤ የሁለት ዓመት የሥራ ምስክርነት ይዞ ወደ ሌላ አገር ለመሻገርም ጥሩ መሸጋገሪያ ናት። በእኔ ግምት ከሚገባት በታች የምትታሰብ ምርጫ ናት።

ደቡብ ሱዳን እንደ ፈረንጆች ከ2011 ጀምሮ እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋዋ አድርጋለች፤ ጁባ ውስጥም የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ደመወዙ በዶላር ካልተጻፈ ግን የአገሩ ገንዘብ መውደቅ ይበላዋል፤ የጸጥታው ነገርም ለቤተሰብ የሚመች አይደለም። ጅቡቲ ከኮምቦልቻ በሚሌና በጋላፊ በኩል በመኪና የሚደረስባት ቅርብ አገር ናት፤ ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ስለሆኑ እንግሊዝኛ የሚፈለገው በወደብና በንግድ ዙሪያ ለሚሠሩ አዋቂዎች ነው። ከተማዋ ውድ ናት፤ ቋሚ ውል ሳይያዝ አይኬድም። ኬንያና ኡጋንዳ የራሳቸው በቂ መምህራን ስላሏቸው ብዙ አልደክምባቸውም።

ከቤት ሳይወጡ፦ በኢንተርኔት

ፕሪፕሊና አይቶኪ የመሳሰሉት፣ የቋንቋ መምህርንና ተማሪን በኢንተርኔት የሚያገናኙ መድረኮች የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ያልሆነን መምህር ይቀበላሉ። ፕሪፕሊ ከአዲስ ተማሪ ጋር የሚደረገውን የመጀመሪያ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ከ33 በመቶ ጀምሮ የሠራችሁት ሰዓት ሲጨምር እስከ 18 በመቶ እየቀነሰ ይቆርጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ድካሙ ከገቢው ይበልጣል ማለት ነው።

ሆኖም የእኛ መምህራን ሳያስተውሉት የሚያልፉት ጥቅም አለ፦ ሳዑዲ ዓረቢያና ቱርክ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ናቸው። ፊሊፒናዊው መምህር እኩለ ሌሊት ላይ የሚያስተምረውን ተማሪ ደሴ ያለ መምህር ከሥራ መልስ ምሽት ላይ ያስተምረዋል። ዓረብኛ የሚችል ከሆነ ደግሞ ተማሪው የት እንደሚሳሳት ቀድሞ ያውቃል። ዓረብኛ ተናጋሪ ጀማሪ «ፓርክ» ለማለት «ባርክ» ይላል፤ መምህሩ ተማሪውን ከአፉ ፊት አንድ ቀጭን ወረቀት እንዲይዝ አድርጎ ሁለቱን ድምፆች ቢያስብለው፣ በአንደኛው ወረቀቱ ይርገበገባል፣ በሌላው አይነቃነቅም። ተማሪው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። እንዲህ ያለውን የሦስት ደቂቃ ትምህርት በስልክ ቀርጾ መገለጫው ላይ የሚለጥፍ መምህር «የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ነህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይቀንስለታል። ያው ቪዲዮ ለታይላንድም ለሪያድም ቀጣሪ ይላካል።

ችግሩ መሠረተ ልማቱ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ቀጠሮ ያላከበረ መምህር ደግሞ መድረኩ ላይ ደረጃው ይወርዳል። የመስመር ኢንተርኔት የሌለው ሰው ኑሮውን በዚህ ላይ ብቻ ባይመሠርት ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ተማሪ ከመቀበላችሁ በፊትም ገንዘቡ በምን መንገድ ወደ አገር ቤት ሒሳባችሁ እንደሚገባ ከባንካችሁ ጋር ጨርሱ።

ገንዘባችሁን የትኛው ወረቀት ላይ ታውሉት?

የማስተማር ሰርተፍኬት ሁሉ እኩል አይደለም። የካምብሪጁ ሴልታና የትሪኒቲው ሰርት-ቴሶል ከ120 ሰዓት ባላነሰ ሥልጠና ውስጥ እውነተኛ ተማሪዎችን ለ6 ሰዓት እየታየ የማስተማር ልምምድን ያካትታሉ። ሴልታ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት መማርም ይቻላል። ውድ ነው፤ ነገር ግን ዓለም ያውቀዋል። በቅናሽ የሚሸጡት «120 ሰዓት ቴፍል» የሚባሉት አብዛኞቹ የተግባር ልምምድ የላቸውም፤ ተቆጣጣሪ አካልም የላቸውም። ለታይላንድና ለኢንተርኔት ሥራ ርካሹ ሊበቃ ይችላል፤ ለዓረብ አገር ጥሩ ትምህርት ቤት ግን ሴልታ ልዩነት ያመጣል። አይልትስ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ ሌላው ሰነድ ሳይደርስ ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ስም ላይ ነው። መሐመድ፣ ሰይድ፣ ዘይነባ የሚሉት ስሞቻችን በእንግሊዝኛ ፊደል በየቢሮው በየራሳቸው መንገድ ይጻፋሉ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ መሐመድ በአንድ «ኤም»፣ ዲግሪው ላይ በሁለት «ኤም»፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ መጀመሪያው በ«ኦ» ሳይሆን በ«ዩ» ይሆናል። የውጭ አገር ኤምባሲ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የልደት ቀኑም አንዱ ጋ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ጋ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል። ፓስፖርት ገና ያላወጣ ሰው የዲግሪውን አጻጻፍ ተከትሎ ያውጣ። ወጪ መጋራት ያልጨረሰ ሰው ኦርጅናል ዲግሪውን ስለማያገኝ ያንንም ቀድሞ ይዝጋ። ሰነድ ማረጋገጡ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ፣ ኤምባሲው፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃው በአብዛኛው አዲስ አበባ የሚያልቅ ነው፤ ከደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር በመሆኑ ጉዳዮቹን አጠራቅሞ በአንድ ጉዞ መጨረስ ይበጃል።

እኔ ብመርጥ

ዲግሪ ብቻ ላለው፣ ላላገባና ልምድ ለሚፈልግ መምህር ታይላንድን ወይም ሩዋንዳን እመርጥለታለሁ፤ ፍጥነት ከፈለገ ሩዋንዳን፣ ለወደፊቱ ሰፊ ገበያ ከፈለገ ታይላንድን። ሁለተኛ ዲግሪ ላለውና ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ዓረብ አገር፣ ያውም ቤትና የልጆች ትምህርት በውሉ ውስጥ ከተጻፈለት። የታመመ ወላጅ ለምትጦር ወይም ትንንሽ ልጆች ላሏት መምህርት የኢንተርኔቱ ሥራ ከክፍል ሥራዋ ጋር ጎን ለጎን ይሻላታል፤ የመምህርነት ቦታዋን ሳትለቅ። የሳይንስ መምህር ከሆናችሁ ግን «እንግሊዝኛ መምህር» ከሚለው ማስታወቂያ ወጥታችሁ በራሳችሁ ትምህርት ፈልጉ።

ጊዜውንም ከወዲሁ ቁጠሩ። የታይላንድ የትምህርት ዓመት የሚጀምረው ግንቦት አጋማሽ ላይ ሲሆን ሁለተኛው መንፈቅ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ሰነዱ እስከ የካቲት ካለቀ ለግንቦቱ ይደርሳል። የዓረብ አገር ትምህርት ቤቶች ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሚከፈቱ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይቀጥራሉ። ሩዋንዳ መስከረም ላይ ትጀምራለች፤ ለእርሷ ማመልከቻ በሚያዝያና በግንቦት ይላካል።